የቤቱ ስልክ ይቈረጥ ወይስ ይቈይ?

ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ወላጆቻችን ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የስልክ ጥያቄ ሆኗል። «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ይህ የቤት ስልክ በየወሩ ሒሳብ ከማስከፈል በቀር ምን ይሠራልናል? እኅትህ ከአሜሪካ የምትደውለው በኢሞ ነው፤ አባትህም ሞባይል አለው፤ ታዲያ ይቈረጥ ወይስ ይቈይ?» ይሉናል። አብዛኞቻችንም ነገሩን ሳናመዛዝን «ይቈረጥ እንጂ! የሽቦ ስልክ ጊዜው አልፎበታል» ብለን እንመልሳለን። በማራኪ ግቢ የሚማረውም ሆነ በቴዎድሮስ ግቢ ያለው፣ የሕክምናውም ሆነ የሕጉ ተማሪ፣ በቤተ ሰቡ ዘንድ እንደ ስልክ መሐንዲስ ይቈጠራልና ቃሉ ይሰማል። ቃላችን የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ስለምንናገረው ነገር ማወቅ ይገባናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሽቦው ስልክ እንዴት እንደሚሠራ፣ የኢንተርኔት ጥሪ በምን እንደሚለይ፣ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ቍጥር መያዙ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ፣ ሕጉም ምን እንደሚል ማስረዳት ነው። አስቀድሜ ግን የጽሑፉን ሐሳብ ባጭሩ ልናገር። ኢንተርኔት የለወጠው የስልክን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ቍጥርን ከሽቦ፣ ስልክንም ከቤት ለይቷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን «የቱ ይረክሳል?» ብለን ብቻ አይደለም። «መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ኢንተርኔትም በተዘጋ ወር፣ ይህ ቤት በምን ይገኛል?» ብለንም መጠየቅ አለብን።

የሽቦው ስልክ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው መስመር ለአገሩ ሰው እንደ ተአምር የሚታይ ነበር። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ መሥሪያ ቤቱም ስሙን ደጋግሞ ከለዋወጠ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱ ቍጥሮች ሲለወጡ የሰሜን ምዕራቡ መለያ 058 ሆነ። ዛሬም በጎንደር ከተማ 058 111 ብሎ የሚጀምር ቍጥር ስናይ የቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ስልክ መሆኑን ማንንም ሳንጠይቅ እናውቃለን።

የዚህ ስልክ አሠራር ለመረዳት አያስቸግርም። ከቤቱ እስከ ቴሌ ጣቢያ ድረስ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ተዘርግተዋል። ደዋዩ ቍጥሩን ሲመታ ጣቢያው ከእርሱ እስከ ተደዋዩ ድረስ አንድ መንገድ ይከፍትለታል። ጭውውቱ እስኪያልቅ ያን መንገድ ሌላ ሰው አይጋራውም፤ ሁለቱ ዝም ቢሉ እንኳ መንገዱ የእነርሱ ነው። ጥንት የስልክ ዋጋ በደቂቃና በርቀት ይቈጠር የነበረውም ስለዚህ ነው። ሰውየው የሚከፍለው ለተናገረው ቃል ሳይሆን ለያዘው መንገድ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው አንድ ነገር አለ። ተራው ባለ ሽቦ ስልክ በቤት ውስጥ መብራት አይፈልግም። የሚበቃው ጥቂት ኃይል ከጣቢያው ባትሪ በዚያው በመዳቡ ሽቦ ይመጣለታል፤ መጠኑም 48 ቮልት ነው። ስለዚህ ሠፈሩ በሙሉ ጨለማ ሆኖ ሳለ የጣቢያው ባትሪ እስካለ ድረስ ስልኩ ይጮኻል፤ ደውለውም ያነጋግሩበታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛ፣ እጀታው ያለ ገመድ የሚሠራው የቤት ስልክ መቀመጫው ሶኬት ላይ ስለሚሰካ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ መስመሩ በመዳብ ፋንታ በፋይበር የገባ ከሆነ፣ ፋይበር የመስታወት ክር ነውና ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በቤት ውስጥ የተቀመጠው ሳጥን መብራት ካላገኘ ስልኩ አይሠራም። እንግዲህ «የቤት ስልክ አለን» ሲሉን «በመዳብ ነው ወይስ በፋይበር?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ኢንተርኔት ድምፅን እንዴት ይሸከማል?

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይቀላል። አንድ ሰው ረጅም ደብዳቤ ጻፈ እንበል። ደብዳቤውን በሙሉ ለአንድ መልእክተኛ በመስጠት ፈንታ እያንዳንዱን ገጽ በየፖስታው አደረገና፣ በላዩ ላይ ተራ ቍጥርና አድራሻ ጽፎ፣ ከጎንደር ወደ መተማ ለሚወርዱ ሃምሳ ነጋዴዎች አንዳንድ ሰጣቸው። አንዱ ይቀድማል፤ ሌላው ጭልጋ ላይ አድሮ ይዘገያል፤ አንዱም በመንገድ ይጠፋል። መተማ ያለው ተቀባይ ግን የደረሱትን በተራ ቍጥራቸው አሰካክቶ ያነባቸዋል። የኢንተርኔት ጥሪ ማለት ይኸው ነው፤ የሚለየው ሃምሳው ፖስታ የሚላከው በአንድ ሰከንድ ውስጥ መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ በአኃዝ እንየው። የሰው ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ በ8 ቢት ይጻፋል። ቢት ማለት አንድ ወይም ዜሮ ነው፤ ስምንቱ ቢት አንድ ባይት ይባላል። ይህም በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። መሣሪያው ይህን ድምፅ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየቈረጠ 160 ባይት ይጠቀልላል፤ በላዩም አድራሻና ተራ ቍጥር የሚሆን 40 ባይት ይጨምርበታል። በሰከንድ 50 ጥቅል፣ እያንዳንዱ 200 ባይት፣ በጠቅላላው 80,000 ቢት መሆኑ ነው። በደቂቃ ሲሰላ ለሚሄደው 600 ኪሎ ባይት፣ ለሚመጣውም እንዲሁ፣ በድምሩ 1.2 ሜጋ ባይት ይሆናል። አንድ ሰዓት ሙሉ የተነጋገረ ሰው 72 ሜጋ ባይት ያህል ያጠፋል ማለት ነው። ድምፁን አምቀው በዚህ ሲሶና ሩብ የሚያደርሱ ዘዴዎችም ስላሉ እውነተኛው ወጪ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈጃል። የዳታ ጥቅላችን ቶሎ አለቀብን ብለን የምናማርር ሰዎች ምክንያቱን ከዚህ እንረዳለን።

የዋጋውም ምሥጢር ከዚህ ይገኛል። ጥቅሎቹ መንገዱን ከሌሎች ጥቅሎች ጋር ስለሚጋሩ ማንም ለብቻው መንገድ አይከራይም። ከጎንደር አዘዞ ቢደውሉ፣ ከጎንደርም ዋሽንግተን ቢደውሉ የሚጠፋው ዳታ እኩል ነው። ከባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን የኢንተርኔትን ጥሪ የወደዱት ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። መንገዱ የጋራ ከሆነ መጨናነቅም የጋራ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እንደሚመክረው፣ ድምፅ ካንዱ አፍ ወጥቶ ከሌላው ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይዘገይ መልካም ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጎንደር እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብንል ለጕዞው ብቻ 60 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጠፋል። አገራችን የባሕር በር የሌላት ስለሆነች መስመሩ እንደ ጅቡቲና እንደ ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ዞሮ ነው የባሕር ውስጡን ገመድ የሚያገኘው፤ በየመጋጠሚያውም ተራ መጠበቅ አለ። መዘግየቱ ሲበዛ ሁለቱ ሰዎች እኩል ይናገራሉ፤ ከዚያም እኩል ዝም ይላሉ። ጥቅሎቹ በመንገድ ሲጠፉ ደግሞ ድምፁ ይቈራረጣል። እናቶቻችን «ሃሎ! ሃሎ! ትሰሚኛለሽ?» እያሉ ግማሹን ሰዓት የሚጨርሱት የጆሮ ችግር ኖሮባቸው አይደለም።

ቍጥር ማለት ምንድን ነው?

በሽቦው ዘመን ቍጥር ማለት የአንድ ሽቦ ጫፍ ነበር። «የእገሌ ቤት» ብለን እንደውላለን እንጂ «እገሌ» ብለን አንደውልም ነበር። ያነሣውም ሰው ማን ቢሆን፣ እናትም ትሁን ሠራተኛም ትሁን፣ የቤቱን ወሬ ይነግረናል። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ሲመጣ ቍጥሩ ከግድግዳው ወርዶ ወደ ሰው ኪስ ገባ፤ ከሲም ካርድ ጋርም ተቈራኘ። በኢንተርኔት ጥሪ ግን ቍጥር ማለት በአንድ ድርጅት መዝገብ ላይ የተጻፈ መስመር ብቻ ነው፤ «ይህ ቍጥር ሲደወል እገሌ የተባለው ሰው ያለበትን ፈልገህ ጥራ» የሚል ትእዛዝ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሦስት አዳዲስ ነገሮች ተቻሉ። አንድ ቍጥር በብዙ መሣሪያ ላይ ሊጮኽ ይችላል። ብዙ ቍጥሮች በአንድ መሣሪያ ላይ ሊጮኹ ይችላሉ። የአንድ አገር ቍጥርም በሌላ አገር ሊጮኽ ይችላል። በአሜሪካ ጎግል ቮይስ የተባለው አገልግሎት በእንግሊዞች አቈጣጠር ከ2009 ጀምሮ ለአንድ ሰው አንድ ቍጥር ሰጥቶ በየስልኮቹ ሁሉ ያስጮኽለታል። ብዙ ቤተ ሰቦችም በዚያ አገር የሽቦውን መስመር ትተው፣ አሮጌውን ስልክ ከሞደሙ አጠገብ በተቀመጠች ትንሽ ሳጥን ላይ ሰክተው፣ በኢንተርኔት ይነጋገሩበታል። በዋሽንግተን፣ በቨርጂንያና በሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችን የቤት ስልክ ሲሉን ብዙ ጊዜ ይህን ማለታቸው ነው።

በዚያ አገር ቍጥርን ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ይዞ መሄድ ይፈቀዳል። ነገር ግን ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ አዲሱ ድርጅት ቍጥሩን ይረከባል፤ አሮጌው መስመር የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ቸኵሎ አሮጌውን መስመር አስቀድሞ የዘጋ ሰው የሃያና የሠላሳ ዓመት ቍጥሩን ሊያጣ ይችላል። ሌላም ትምህርት አለ። ስካይፕ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ በግንቦት ወር 2025 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሽቦ ሲበጠስ ጠጋኝ ይጠራል፤ ድርጅት ሲዘጋ ግን የሚጠራ የለም። ስለዚህ ቍጥርን በሰው መዝገብ የሚያስቀምጥ ሰው መዝገቡ የማን እንደ ሆነ ማወቅ አለበት።

በእኛ አገር ቍጥር የበዛው በሌላ መንገድ ነው። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሥራ ሲጀምር ከቀድሞው 09 ሌላ በ07 የሚጀምር ቍጥር መጣ። ዛሬ ብዙው ተማሪ ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ሁለቱንም ይዞ ይዞራል፤ አንዱ ኔትወርክ ሲጠፋ በሌላው ይደውላል፤ ጥቅሉ በረከሰበትም ይጠቀማል። ይህ መልካም ነው። አንዱን ለቤተ ሰብና ለባንክ፣ ሌላውን ለማያውቁት ሰውና ለገበያ ማድረግም ብልህነት ነው።

ሆኖም ቍጥር ዛሬ ቍጥር ብቻ አይደለም። ቴሌብር በ2013፣ የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመሩ ወዲህ ቍጥር ቦርሳ ሆኗል። የቴሌግራምና የዋትስአፕ መዝገባችንም በቍጥር የታሰረ ነው፤ ባለቤትነታችንን የሚያረጋግጠው የምሥጢር ቍጥር የሚላከው በዚያው በኩል ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ሲም ተዘግቶ ቍጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ አዲሱ ባለ ቍጥር፣ ምንም ክፋት ባይኖርበት እንኳ፣ የእኛ ምሥጢር እጁ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቍጥር ማብዛት ቀላል ነው፤ ያበዙትን መጠበቅ ግን ሥራ ይጠይቃል።

ሕጉስ ምን ይላል?

የሕግ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ ለሌሎቻችን ግን ዋናው ነገር ይኸውላችሁ። አዋጅ ቍጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅም ሆነ የፋክስ አገልግሎት መስጠትንና መጠቀምን ከልክሎ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን ሰው በእስራት እንዲቀጣ ደነገገ፤ አገልግሎቱን የሚያገኘውንም አልማረም። በዚያ ጊዜ «ስካይፕ ተከለከለ» ተብሎ በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ ተወራ፤ መንግሥት ግን ሰው ለግሉ በስካይፕ መነጋገሩ የሚያስቀጣ አለመሆኑን ገለጸ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቍጥር 1148/2011 ደግሞ ተቈጣጣሪ ባለ ሥልጣን አቋቁሞ ለተወዳዳሪዎች በሩን ከፈተ።

የሕጉ ሥጋት ከምን እንደ መጣ ብንረዳ ልዩነቱ ይገባናል። ከውጭ አገር በመደበኛው መንገድ የሚገባ ጥሪ ለአገሩ ቴሌ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። አንዳንድ ሰዎች ግን ጥሪውን በኢንተርኔት አስገብተው፣ ብዙ ሲም ካርድ በሚይዝ ሳጥን አሳልፈው፣ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስለው ያደርሱታል። ከአሜሪካ የደወለች እኅታችሁ በማታውቁት የ09 ቍጥር ስትመጣባችሁ ተገርማችሁ እንደ ሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። እርስዋ ርካሽ ካርድ ገዝታ ደውላለች፤ በመካከል ያለው ሰው ግን የቴሌውን ድርሻ ወስዷል።

ስለዚህ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በቴሌግራም ወይም በኢሞ መነጋገርና የኢንተርኔትን ድምፅ ወደ መደበኛ ስልክ ቍጥር እየለወጡ አገልግሎት መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ሁላችንም በየቀኑ እናደርገዋለን። ሁለተኛው ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ባለ 202 ወይም ባለ 703 ቍጥር ሳጥን ልኮ «ሞደማችሁ ላይ ስኩት፤ እኔ እንደ ሠፈር ስልክ እደውልላችኋለሁ» ቢል ነገሩ በመሣሪያ ረገድ ይሠራል። በሕግ ረገድ ግን ባለ ሥልጣኑን ሳይጠይቁ መሰካት፣ ይልቁንም ጎረቤት በገንዘብ እንዲደውልበት ማድረግ፣ ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በእኛ ከተማ ሁኔታ

አሁን ወደ ቀሐ ዳር እንመለስ። በመጽሐፍ ላይ የኢንተርኔት ጥሪ በሁሉ ነገር ያሸንፋል። በጎንደር ቤት ግን ሦስት ነገሮች አብረው መመዘን አለባቸው።

የመጀመሪያው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሞደሙ ይጠፋል፤ ሞደሙ ሲጠፋ ዋይፋዩ ይጠፋል፤ ዋይፋዩ ሲጠፋ የኢንተርኔቱ ስልክ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ መድኀኒት አለው። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ትይዛለች። ሞደሙ 12 ዋት ቢፈጅ በስሌት 7 ሰዓት ታቈየዋለች፤ ባትሪዋ እንዳትጎዳ እስከ ጫፍ አናሟጥጣት ካልን ደግሞ ወደ ግማሹ እንገምት። ሌሊቱን ሙሉ ባታደርስም ለጨለማው መጀመሪያ ትበቃለች።

ሁለተኛው የኢንተርኔት መዘጋት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተቋርጦ ቈየ። እናቱን በኢሞ ሥዕል ብቻ የሚያውቃት፣ ቍጥርዋን በወረቀት ያልጻፈ የባሕር ማዶ ልጅ እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ተራው የድምፅ ጥሪና የሞባይል ኢንተርኔት በአንድ ምሰሶ ላይ ቢሆኑም ለየብቻ ሊዘጉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ይህን ስል የሽቦው ስልክ የማይዘጋ ነው ማለቴ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩም ኢንተርኔቱም በአንድነት ተቋርጠው ነበር። ነገሩ የዕድል ጉዳይ ነው፤ ሁለት መንገድ ያለው ሰው አንድ መንገድ ካለው ይሻላል። አንዱን በገዛ እጁ ቈርጦ ሌላው ሲዘጋበት ግን ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

ሦስተኛው የሰው ነገር ነው። አያቶቻችን ሥዕል መንካትና መግፋት አይሆንላቸውም፤ የሚጮኽ ስልክ አንሥቶ «አቤት» ማለትን ግን ያውቃሉ። ታሞ የተኛ አዛውንት በሌሊት ርዳታ ቢፈልግ፣ የልጁ ልጅ ሞባይሉን ይዞ ወደ ግቢ ከሄደ፣ በቤቱ ያለው ስልክ ግድግዳው ላይ ያለው ብቻ ነው። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል በተራ ስልክ ይቻላል፤ በኢሞ ግን አምቡላንስ አይጠራም። በአሜሪካ እንኳ የኢንተርኔቱ ስልክ ደዋዩ የት ቤት እንዳለ ስለማያውቅ ነገሩ የሰው ሕይወት እስከ መንካት ደርሶ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. መንግሥት ድርጅቶቹን የደዋዩን አድራሻ እንዲያያይዙ አስገድዷል።

ከከተማው ወጥተን ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ወገራ ገጠር ስንወጣ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። በዚያ ብዙው ቤት ከመጀመሪያውም ሽቦ አልነበረውም። ኢንተርኔቱ በማይደርስበት ተራራ ላይ የድምፅ ጥሪ የሚደርስበት ቦታ ብዙ ነው፤ ባለ ቍልፍ ተራ ስልክም አንድ ጊዜ ኃይል ከሞሉት ቀናት ይቈያል። ለእንዲህ ያለው ቤት የቤት ስልክ ማለት ከቤት የማይወጣ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ተራ ሞባይል ነው። ይህም ራሱን የቻለ መፍትሔ ስለሆነ የከተማ ሰው ቢቀዳው አያፍርም።

እንግዲህ ምን እንምከር?

አንዳንድ ጓደኞች «ይህ ሁሉ አሮጌውን ነገር ለማቈየት የሚደረግ ሰበብ ነው፤ ዓለሙ በሙሉ ሽቦውን እየጣለ አይደለም ወይ?» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ መዳቡ በየአገሩ ወደ መጥፋቱ ነው፤ በእኛም አገር ፋይበር እየተካው ይሄዳል። ነገር ግን ሌላው ዓለም ሽቦውን የጣለው በቦታው ሌላ መተማመኛ አኑሮ ነው። እኛም አስቀድመን መተኪያውን እናዘጋጅ፤ ከዚያ በኋላ ብንጥለው የሚቈጨን የለም። ስለዚህ ወላጆቻችን ሲጠይቁን ከመመለሳችን በፊት የሚከተለውን እንፈጽም።

1ኛ/ የቤቱ ኢንተርኔት የሚመጣው በዚያው በስልኩ መዳብ መሆን አለመሆኑን እናጣራ። በአንድ መስመር የመጡ ከሆነ ስልኩን ማስቈረጥ ኢንተርኔቱንም ማስቈረጥ ሊሆን ይችላል።

2ኛ/ መብራት በጠፋ ጊዜ ስልኩን አንሥተን ድምፅ መኖሩን እንፈትሽ። ድምፅ ካለው ዋጋ አለው፤ ከሌለው ከሞባይል የሚለየው ነገር ትንሽ ነው።

3ኛ/ ያ ቍጥር በስንት ቦታ ተጽፎ እንዳለ እንቍጠር፤ በባንክ፣ በሐኪም ቤት ካርድ፣ በዕድር መዝገብ፣ በባሕር ማዶ ዘመድ ደብተር። ከመቈረጡ በፊት አዲሱ ቍጥር በየቦታው ይጻፍ።

4ኛ/ በቤቱ አንድ ስልክ የቤቱ ሁኖ ይቅር፤ ማንም ይዞት አይውጣ፤ ከተቻለም ሁለት ሲም፣ አንዱ 09 አንዱ 07፣ ይግባበት። በሁለቱም በየጊዜው ይደወልባቸው፤ ተዘንግተው እንዳይዘጉ።

5ኛ/ ገንዘብና የምሥጢር ቍጥር የሚመጣበት ሲም በባለቤቱ ስም የተመዘገበ ይሁን። በልጅ ወይም በጎረቤት ስም የወጣ ሲም ላይ የእናትን ገንዘብ ማስቀመጥ በሰው ሣጥን እንደ ማስቀመጥ ነው።

6ኛ/ ለሞደሙ ትንሽ ባትሪ ይገዛ።

7ኛ/ ዋና ዋናዎቹ ቍጥሮች በትልልቅ አኃዝ በወረቀት ተጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፤ የአሜሪካዋ እኅት ትክክለኛ ቍጥር ከነአገሩ መለያ፣ የጎረቤት፣ የ907ና የ991። ወረቀት ኃይል መሙላት አይፈልግም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ መስመሩ በፋይበር የገባ ወይም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የተበላሸ ከሆነ፣ በቤቱም ሞባይል ማንሣት የማይሆንለት ሰው ከሌለ፣ ይቈረጥ ብንል ጥፋት አይሆንም። ደኅና የመዳብ መስመር ባለበትና አዛውንት በሚኖሩበት ቤት ግን፣ ሒሳቡ የሚቻል እስከ ሆነ ድረስ፣ ይቈይ ማለት ይሻላል። የኢንተርኔቱን ጥሪ ለረጅሙ ወግ፣ የሽቦውን ስልክ ለክፉ ቀን መጠቀም ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የተማረ ሰው ለቤተ ሰቡ የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት አዲስ ነገር መጣ ብሎ ማብሠር ብቻ አይደለም፤ አዲሱ ነገር በየትኛው ቀን እንደሚከዳ አስቀድሞ አይቶ መናገርም ጭምር ነው። በመጪው ዕረፍት እናቶቻችን ሲጠይቁን ሽቦውን ተከትለን እስከ መግቢያው ድረስ እንሂድ፤ መዳብ ይሁን ፋይበር እንይ፤ ከዚያ በኋላ እንመልስላቸው።